ለቮልስ ሞተሬ የአየር ማስገቢያ ጎሚቶ ጋራዥ ውስጥ ላፈስስ ነው፤ አብዷል በሉኝ

ክንፍ_በጋራዥ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ናችሁ? ረዘም ያለ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ጋራዤ ውስጥ ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ክንፉ አልቋል። ጭራው አልቋል። አሁን ሞተሩ ላይ ነኝ። ሞተሩ የቮልስ ነው፣ አዎ የዚያችው ድፍን አዲስ አበባ የሚያውቃት ቮልስ፣ ወደ 1835 ሲሲ የሰፋ፣ 60 የፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚሰጥ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ፣ ለትንንሽ አውሮፕላን ከስንት ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሞተር ነው። አገር ቤትም አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ብሎ ለሠራት አውሮፕላን የገጠመላት የቮልስ ሞተር ነበር።

ችግሬ ይሄ ነው። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ከሞተሩ ሥር ይቀመጣል። ከሱ ግራና ቀኝ ወደ ሁለቱ ቴስታታዎች (የሲሊንደር ክዳኖች) የሚሄድ ቱቦ አለ፤ ቴስታታው ጋ ሲደርስ የሚታጠፍበት፣ በሁለት ቡሎን የሚታሰር የአልሙኒየም ጎሚቶ አለ። ተሠርቶ የሚሸጠው ጎሚቶ ኮፋኖዬን በሁለት ሴንቲ ይነካብኛል። ኮፋኖውን ላሳብጠው ወይስ ጎሚቶውን በልኬ ላፈስሰው? ሁለተኛው አምሮኛል። በፕሮፔን የሚሠራ ትንሽ ምድጃ አለኝ። ለማቅለጥ ደግሞ አንድ የተሰነጠቀ የቮልስ ሞተር ብሎክ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ እሱን በመዶሻ ሰባብሬ እጠቀማለሁ ብያለሁ። ምን ትላላችሁ?

የመርካቶ_ቶርኖ (አዲስ አበባ)

ቆይ ቆይ ቆይ። ብሎኩን እሳት እንዳታስጠጋው!

ወንድሜ፣ ኦሪጅናሉ የቮልስ ብሎክ አልሙኒየም አይደለም፣ ማግኒዚየም ነው። ስታነሳው ቅልል ሲልህ አልገረመህም? አንድ ጊዜ ከሱቃችን ጀርባ ብረት ድስት የሚያፈስሱ ልጆች ሳያውቁ ከሌላው ስብርባሪ ጋር ቀላቅለው ከተቱት። መጀመሪያ ጭስ። ቀጥሎ ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን፣ ልክ እንደ ብየዳ። አንደኛው ደንግጦ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋበት። ቆርቆሮ ጣሪያው ተነቅሎ ሄደ። ነፍስ አልጠፋም፣ የልጁ ክንድ ላይ ግን ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ለእንዲህ ዓይነት እሳት ደረቅ አሸዋ እንጂ ውሃ ጠላት ነው።

ከተጠራጠርክ በሞረድ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ንጹሑ ብረት ሲወጣ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። አረፋ ከደፈቀ ማግኒዚየም ነው። አልሙኒየም ዝም ይላል።

ክንፍ_በጋራዥ

አሁኑኑ ወጥቼ ሞከርኩት። ኮምጣጤው ልክ እንደ አምቦ ውሃ ፈላ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። መዶሻው አጠገቡ ነበር እኮ። አንተ ሰው እግዜር ይስጥልኝ።

ቆቅ_22 (ለንደን)

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ላይ ቤትህን ልታቃጥል ነበር። ተወው በቃ። የአልሙኒየም ቱቦ ጠምዝዘህ ፍላንጁን፣ ቡሎን የሚገባበትን ጠፍጣፋ ከንፈር ማለቴ ነው፣ በቲግ ብየዳ በይድበት፣ አለቀ። ሁሉን ነገር ካላፈሰስኩ ማለት ምን ይባላል?

ጡረተኛ_መካኒክ (ዳላስ)

ቆቅ ያልከው መጥፎ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የተበየደ ጎሚቶ ግን ብየዳው ጫፍ ላይ ከንዝረት የተነሣ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ በደንብ የተፈሰሰና ጥጉ ክብ የሆነ ዕቃ አንዳንዴ ይሻላል። በደንብ የተፈሰሰ ነው ያልኩት።

ልጄ ክንፍ፣ እኔ ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ነው የጨረስኩት። አንድ ነገር ልንገርህ። ራይት ወንድማማቾች በ1903 የበረሩበትን ሞተር የሠራው ቻርሊ ቴይለር የሚባል የእነሱ መካኒክ ነው፣ በስድስት ሳምንት ገደማ። 12 የፈረስ ጉልበት። የሞተሩን አካል ከአልሙኒየምና ከ8 በመቶ ገደማ መዳብ ዴይተን ውስጥ አስፈሰሱት። ፌብሩዋሪ ላይ አስነሱት፤ በማግስቱ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ኩሽኔታውን አድርቆ ሞተሩ ተነከሰና የፈሰሰው አካል ተሰበረ። አዲስ እስኪፈስስ ድረስ እስከ ኤፕሪል ጠበቁ። ደግነቱ የተሰበረው መሬት ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሁን ልብ በል። ያ ቴይለር የሞተሩን አካል አስፈሰሰ። ክራንክሻፍቱን፣ ዋናውን የሚሽከረከር ዘንግ፣ ግን አላስፈሰሰም! ከአንድ ወፍራም የብረት ጠፍጣፋ በመሰርሰሪያ በስቶ፣ በመሮ ቆርጦ፣ በቶርኖ አወጣው። ያኔም ገብቷቸዋል።

ስለዚህ ምንም ከማቅለጥህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ይሄ ዕቃ አየር ላይ ቢሰበር ምን ይከተላል? የፕሮፔለር ሀብ፣ ቢየላ፣ ክራንክሻፍት፣ ሞተሩን ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያስር ማንኛውም ነገር፣ እነዚህን በጋራዥ እንዳታስባቸው። የቫልቭ ክዳን፣ የዘይት ካርተር፣ የካርቡራተር ማስቀመጫ፣ እሺ። ያንተ ጎሚቶ መሀል ላይ ነው ያለው። ቢሰነጠቅ አየር ይስባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ይቃጠላል። ፕሮፔለርህ ተነቅሎ አይሄድም። ግን ጉልበት ታጣለህ፣ ያውም አንተ ከ1,600 ሜትር በላይ ከሆነ መሬት ስትነሣ፣ ድሮም አየሩ የሳሳ ቦታ።

ዝምተኛ_አንባቢ (ቴል አቪቭ)

ጥያቄ አለኝ። ይሄ ሁሉ ይፈቀዳል ወይ? ማንም ሰው ያፈሰሰውን ገጥሞ መብረር ይችላል?

ክንፍ_በጋራዥ

አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ራስህ ለትምህርትና ለመዝናኛ ከሠራኸው ኤክስፐሪሜንታል ተብሎ ይመዘገባል። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ የፋብሪካ ማረጋገጫ አይጠየቁም። በምትኩ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) የሙከራ በረራ ጊዜ ያስቀምጥብሃል፤ እንደኔ ላለ ያልተረጋገጠ ሞተር የተለመደው 40 ሰዓት ነው፣ በተወሰነ ቦታ፣ ሰው ሳልጭን። ሰው የምጭንበት ወንበርም የለኝ ለነገሩ። ማለትም ሕጉ ይፈቅድልሃል፣ የመሬት ስበት ግን አይፈቅድልህም ብሎኛል አንድ እዚህ ያለ ሽማግሌ።

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ የጻፉትን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ብረት_ቀላጭ (ጀርመን)

የምሠራው የመኪና ቴስታታ የሚፈስስበት ፋብሪካ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ብዘላብድ ይቅር በሉኝ።

በመጀመሪያ ስለ ብረቱ። ያገኙትን ስብርባሪ ሁሉ መቀላቀል ለድስት ይሆናል፣ ለዚህ አይሆንም። ኤ356 የሚባለውን ፈልግ፤ 7 በመቶ ሲሊከን፣ 0.3 በመቶ ገደማ ማግኒዚየም፣ የቀረው አልሙኒየም። የብዙ መኪና የአልሙኒየም ቸርኬ ከዚሁ ነው የሚፈስሰው፣ የቸገረው ቸርኬ ቆርጦ ይጠቀማል። ችግሩ ደጋግመህ ስታቀልጠው ያቺ ትንሽዬ ማግኒዚየም ተቃጥላ ታልቃለች፣ እና ያለሷ በኋላ የምትሰጠው የሙቀት ሕክምና አይሠራም። አራት ዓመት የለፋህበት አውሮፕላን ላይ ነው የምትገጥመው፣ ስለዚህ ወረቀት ያለው ጥፍጥፍ ግዛ።

ሁለተኛ፣ ሙቀት። 720 ዲግሪ አካባቢ አፍስስ። በዓይን እንዳትገምት፣ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ግዛ። አልሙኒየም ቀይ ሆኖ ካየኸው አልፈኸዋል ማለት ነው። በጣም ሲግል ሃይድሮጂን ይጠጣል፣ ከእርጥበት፣ ከዘይት፣ ከፕሮፔን ነበልባልህ ራሱ ከሚወጣው እንፋሎት። ቅልጥ ሆኖ ሳለ ይይዘዋል፤ ሲረጋ ደግሞ መያዝ ስለማይችል አረፋ አድርጎ ይተፋዋል። ውጤቱ የእንጀራ ዓይን ነው። ደረቅ አርጎን በግራፋይት ቱቦ ቀስ ብለህ ከሥር አሳልፍበት፣ ይዞት ይወጣል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቅልጥ አልሙኒየም ሁልጊዜ ቆዳ አለው፣ ልክ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት። ከላይ ከፍ አድርገህ ዷ አድርገህ ስትደፋው ያ ስልባቦት እየታጠፈ ውስጥ ይገባል። የታጠፈው ቆዳ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ማለትም ዕቃህ ገና ሲወለድ ውስጡ ስንጥቅ ይዞ ይወለዳል፣ ውጭው መስታወት ቢመስልም። መድኃኒቱ ከሥር በኩል ማስገባት ነው፤ ቅልጡ ወደ ሻጋታው ሲገባ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከሚሆን ፍጥነት እንዳያልፍ መስመሩን አስፋው፣ መንገዱ ላይ የሴራሚክ ማጣሪያ አስቀምጥ።

አራተኛ፣ አልሙኒየም ሲረጋ በይዘት ወደ 6 በመቶ ይኮማተራል። ያ ጉድለት ከየት ይሞላል? ወፍራሙ ፍላንጅ አጠገብ መጋቢ አድርግለት፣ ማለትም ከዕቃው በኋላ የሚረጋ ወፍራም የቅልጥ ክምችት። ሞዴሉን ስትሠራ ደግሞ 1.3 በመቶ አተልቀው።

ጥርስ_ሠሪዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሰም አቅልጦ ብረት ማፍሰስ የዕለት እንጀራዬ ነው 😄 ክንፍ፣ ሞዴሉን በፒኤልኤ (የ3ዲ ማተሚያ ፕላስቲክ) አትመህ ጄሶ ውስጥ ቀብረህ ልታቃጥለው ካሰብክ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅህ። ቀለም የገባበት ፒኤልኤ አመድ ይተዋል። ጄሶው ደግሞ የደረቀ ይመስልና ውስጡ እርጥብ ይሆናል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው፣ መቸኮል የለም። የጄሶ ሻጋታ ሙቀት ስለሚይዝ ብረቱ ቀስ ብሎ ይረጋል፣ ይሄ ለእኛ ትንሽ ዕቃ ችግር የለውም፣ ላንተ ግን ጥንካሬ ይቀንሳል። አሸዋ ይሻልሃል ባይ ነኝ።

የመርካቶ_ቶርኖ

እህቴ ልክ ናት። አሸዋ። እኛ ጋ ልጆቹ አሸዋውን የሚፈትኑት እንዲህ ነው፤ ጭብጥ አድርገህ ትለቀዋለህ፣ የጣትህን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ከመሀል ስትሰብረው እንደ ኩኪስ ንጹሕ ብሎ ይሰበራል። ከተበተነ ውሃ ወይ ሸክላ አንሶታል። እጅህ ላይ ጭቃ ከሆነ ውሃ በዝቶታል፣ እና ቅልጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬሃለሁ። ደግሞ ሲሚንቶ ወለል ላይ እንዳታፈስስ! ቢደፋብህ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው እርጥበት ፈንድቶ ይረጭሃል። ሥሩ ደረቅ አሸዋ አንጥፍ። ነጠላ ጫማ አድርገህ እንዳትቆም፣ እኛን አትይ።

ክንፍ_በጋራዥ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ቅዳሜ አፈሰስኩ።

ሞዴሉን አትሜ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ። ውስጡን ባዶ የሚያደርገውን እንብርት ከአሸዋና ከሶዲየም ሲሊኬት ሠርቼ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፋሁበት፣ በሰከንዶች ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። አፈሰስኩ። ሻጋታውን ስፈታ፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሱቅ የመጣ ነው የሚመስለው። ሚስቴን ጠርቼ አሳየሁ። ለልጄ አሳየሁ። ለጎረቤቴም አጥር ላይ ይዤ ወጣሁ።

እና ጋሼ በውስጥ መልእክት ምን አሉኝ፤ «አምሯል። አሁን በመጋዝ መሀል ለመሀል ቁረጠው።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ ቆረጥኩት። ፍላንጁ ጋ፣ ቡሎን የሚገባበት አጠገብ፣ የትንሽ ጣቴ ጥፍር የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ውስጡ ሻካራ፣ የቅርንጫፍ ቅርጽ ያለው። ግድግዳው ደግሞ ሙሉ የእንጀራ ዓይን። ከመቁረጤ በፊት በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜው ነበር፤ በአየር 412 ግራም፣ በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ 158 ግራም ቀለለ። 412 ለ158 ሲካፈል 2.61 ይመጣል፣ ማለትም ከውሃ 2.61 እጥፍ ይከብዳል። ያልተቦረቦረ ኤ356 ደግሞ 2.68 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ቆቅ_22

ነገርኩህ። ቱቦ። ብየዳ።

ብረት_ቀላጭ

ቆቅ ዝም በል 😂

ክንፍ፣ ፎቶውን አየሁት። ሻካራው ጉድጓድ መኮማተር ነው። መጋቢህ ቀጭን ነው፣ ከፍላንጁ በፊት ረጋ፣ ይባስ ብሎ ከዕቃው ቅልጥ ጠጣ። ይመግበኛል ያልከው በላህ ማለት ነው። ውፍረቱን ከፍላንጁ አስበልጠው፣ አንገቱን አሳጥር። ክብ ክቦቹ ዓይኖች ሃይድሮጂን ናቸው። ስንት ዲግሪ ላይ አፈሰስክ?

ክንፍ_በጋራዥ

እህ... 810። እንዳይረጋብኝ ፈርቼ ነው። አርጎኑንም ትንሽ ብቻ ነው ያሳለፍኩት፣ ሲሊንደሩ አለቀብኝ። አሁን ሁሉም እንዲስቅ ነው የጻፍኩት።

ጡረተኛ_መካኒክ

የሚስቅ የለም። የቆረጥከው አንተ ነህ። ሳይቆርጡ የገጠሙ ሰዎች ነበሩ፣ እኔ የአንዱን ሞተር ከእርሻ መሀል ነው ያወጣሁት። ሰውየው ደኅና ነው፣ አሁን ጎልፍ ነው የሚጫወተው።

ጥርስ_ሠሪዋ

ማሰሮውንስ ቀድመህ አሙቀኸው ነበር? ማማሰያውን፣ ማንኪያውን? እኛ ጋ አንዲት ልጅ እርጥብ መቆንጠጫ ይዛ መጥታ አንድ ቀን ሙሉ የሠራነው ተበላሽቷል።

ክንፍ_በጋራዥ

ማሰሮውን አዎ። ማንኪያውን አይ። እሺ፣ ገባኝ።

ክንፍ_በጋራዥ (ከሌላ አምስት ሳምንት በኋላ)

በዚህ ጊዜ ሦስት አፈሰስኩ፣ አንዱን ለመቁረጥ አስቀድሜ ወስኜ። 725 ዲግሪ። አርጎን አሥር ደቂቃ። ከሥር የሚገባ፣ ማጣሪያ ያለው። መጋቢው ከጎሚቶው ራሱ ይከብዳል፣ ያስቃል፣ ግን ስቆርጠው ጉድጓዱ ያለው መጋቢው ውስጥ ነው! ጎሚቶው ድፍን ነው። 405 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 152 ቀለለ፣ 2.66። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ እልል አልኩ።

የሙቀት ሕክምናውን ሸክላ የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ፣ በእሷ ምድጃ 540 ዲግሪ ላይ ስምንት ሰዓት አቆይቼ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። እሷ «ከዚህ በላይ ካለፈ ምን ይሆናል?» ስትለኝ፣ ላብ ያልበዋል አልኳት፤ ትንሽ አለፍ ካለ ውስጥ ውስጡን መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለታችንም እንደ ሞግዚት ቁጭ ብለን ጠበቅን። በመጨረሻ 155 ላይ አራት ሰዓት። እሱን በቤታችን ኦቨን ነው ያደረግኩት። ሚስቴ ድፎ ዳቦ ልትጋግር ሊጥ አቡክታ ነበር፣ ሊጡ ኮመጠጠ። ይሄ ጉዳይ ገና አልተዘጋም።

ከዚያ ሁለቱን አፍ በላስቲክ ደፍኜ፣ 1 ባር አየር ሞልቼ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ቡሎን መግቢያው አጠገብ በየአሥር ሰከንዱ አንድ አረፋ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል። ልድፈነው ወይስ ልጣለው?

ብረት_ቀላጭ

ፋብሪካ ውስጥ በቫክዩም ሬዚን (ቀዳዳ የሚደፍን ሙጫ) እናስገባበታለን፣ የተለመደ ነገር ነው። ግን ያ ሲሆን አረፋው ከምን እንደመጣ ስለምናውቅ ነው። ያንተ ቡሎን አጠገብ ነው፣ የሚጨነቀው ቦታ። ስልባቦት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን መልሼ አቀልጠው ነበር።

ጡረተኛ_መካኒክ

እኔም። ደግሞ ልጄ፣ ፎቶው ላይ ካርቡራተሩ በምን ተደግፏል? ክብደቱ ጎሚቶው ላይ ከተንጠለጠለ የትኛውም ብረት አይችለውም። አልሙኒየም ንዝረትን ይቆጥራል፣ አይረሳም።

ክንፍ_በጋራዥ

ጋሼ፣ ካርቡራተሩ ለብቻው ከሞተሩ ሥር በቅንፍ ታስሯል። ቱቦውና ጎሚቶው የሚገናኙት በላስቲክ ሆዝና በማሰሪያ ነው፣ ሁለቱ በየራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ጥጉን ሁሉ 6 ሚሊ ክብ አድርጌዋለሁ። አየር የሚያሾልከውን እንዳላችሁት መልሼ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። እሑድ አንድ ተጨማሪ አፈስሳለሁ፣ ከዚያ አውሮፕላኑን ዛፍ ላይ አስሬ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ አሥር ሰዓት መሬት ላይ ሳይሠራ የትም አይሄድም።

ዝምተኛ_አንባቢ

ቪዲዮ እንፈልጋለን።

ቆቅ_22

እሺ፣ አምሯል። የሞዴሉን ፋይል ትልክልኛለህ?

የመርካቶ_ቶርኖ

😂😂 ቆቅ ቱቦህስ?

ክንፍ፣ የቆረጥካቸውን መጋቢዎች እንዳትጥል። ለሚስትህ ድስት አፍስስላት፣ ሊጡ ይረሳል።

ክንፍ_በጋራዥ

ጠየቅኳት። ድስት አልፈልግም፣ የራሴ ኦቨን ለራሴ ይሁንልኝ ነው ያለችው። ቆቅ፣ ፋይሉን በውስጥ ልኬልሃለሁ፣ 1.3 በመቶው ተጨምሮበታል፣ ደግመህ እንዳትጨምር።